ከቀኝ ጆሮው በላይ

በር በመበየድ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ነው፤ ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል። የሚጥል በሽታው በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣበታል። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ይሸተዋል፣ ከዚያ መሬት ላይ ይፈጠፈጣል። አንዴ የጋለ ብረት ላይ ወድቆ ክንዱ ተልጧል። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነበር፤ ራሱን ሳያውቅ ተነስቶ የቀረበውን ይደበድባል። ሲነቃ አንዳች አያስታውስም። ሚስቱ የፊት ጥርሷ የወለቀ ዕለት «ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው» አለችው።

መድኃኒቱ ሁሉ እምቢ ሲል የምታክመው የነርቭ ሐኪም ቀዶ ሕክምና አሰበች። «መጀመሪያ ግን ከየትኛው የአንጎልዎ ቦታ እንደሚነሳ ማወቅ አለብን» አለችው። ሆስፒታል አስተኝታ፣ በሽታው እንዲመጣ መድኃኒቱን ቀነሰችበት። ጭንቅላቱ ላይ የአንጎሉን ሞገድ የሚመዘግቡ ሽቦዎች ተለጠፉ፤ ከግድግዳው ላይ ካሜራ ያየዋል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጣለው። አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ ምላሱን ነክሶ አረፋው ደም ሆነ። ብድግ ሲል ሚስቱ እንደለመደችው ዘላ አቀፈችው። በክርኑ ደረቷን መትቶ ከግድግዳ አላተማት፤ ሊይዘው የሮጠውን ነርስ አፍንጫ ሰበረ፤ ሽቦዎቹን ከነፀጉሩ ገነጣጠላቸው።

በማግስቱ «ያደረግኩትን አሳዩኝ» አለ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ደረጃው እኔ ነበርኩ?»

አንገቷን ደፋች። እሱም ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ቤቴ። ሰው ከምገድል ከነበሽታዬ ልሙት።»

«ሞገዱ የተነሳው ከቀኝ ጆሮዎ በላይ ነው። በኤም አር አይ ምስሉ ጠባሳ ያየነውም እዚያው ነው። ግን አንዴ አይተን አንቆርጥም፤ ሁልጊዜ ከዚያው መነሳቱን ማረጋገጥ አለብን።»

«እንግዲያው እሰሩኝ።»

«የሚማቱት ሲይዙዎት ነው። በቪዲዮው ሚስትዎ እስክትነካዎት ድረስ ማንንም አልመቱም።»

ሽቦው እንደገና ተለጠፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ደገመው። ሚስቱ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራ በሩ ላይ ቆመች። ተነስቶ አገሳ፣ ትራሱን ቦጫጨቀ፣ ጡጫው እስኪደማ ግድግዳውን ደበደበ። ማንም አልነካውም። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሞገዱ የተነሳው ከዚያው ቦታ ነበር፤ ሦስተኛውም እንዲሁ።

ነርሱን ይቅርታ ሲጠይቀው «አፍንጫዬ ድሮም ጠማማ ነበር፣ አቃናህልኝ» አለው።

የራስ ቅሉን ከፍተው የታመመችውን የአንጎል ቁራጭ አወጡለት። ከዚያ ወዲህ ባለው ዓመት ከመንፈቅ አንዴ ብቻ ጣለው። መድኃኒቱን አላቋረጠም፤ መሰላል ላይም አይወጣም። ሚስቱ ግን ድንገት ብድግ ሲል አሁንም ትሸሻለች። ስለዚህ ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት «ልነሳ ነው» ይላታል።