ሦስት ጊዜ የተጫነው ፊደል

ትርንጎ በደብረ ታቦር በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት በታይፕ የጻፈች ሴት ናት። ዘጠናዎቹ ሲጠቡ ታይፑ ወደ ገጠር ወረዳ ተላከና በቦታው አሮጌ ኮምፒዩተር ተቀመጠ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ አማርኛ አያውቅም። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ጽፎ፣ ፊደሉን የሚያመጣለትን ድራይቨር የሚሉትን ትንሽ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል፤ መጻፊያው የሚከፈተው ከዚያ ወዲያ ነው። ባለሙያው እሸቴ ከባሕር ዳር መጥቶ አንድ ቀን አሳያት። እንግሊዝኛ እምብዛም አታውቅም ነበር፤ መስመሯን ግን እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘቻት።

በነሐሴ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ መምህርት ዓለሚቱ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ገባች። ከጋይንት ማዶ ስታስተምር ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልጇ ሐሙሲት ከተማ ከእናቷ ዘንድ ያድጋል። ወደዚያ ዝውውሯ ተፈቅዷል። የሐሙሲቱ ቢሮ ግን ዝርዝሩን የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ ከዚህ የሚጻፍላት የመሸኛ ደብዳቤ ካልደረሰ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ሚኒባሱ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል» አለቻት።

«ተቀመጪ። አሁን ነው የማደርስልሽ።»

ትርንጎ ብርቱ ጉዳይ ሲገጥማት ነገሩን በሥላሴ ስም ሦስቴ ማድረግ ልማዷ ነው፤ የታመመ ሰው ላይ ጠበል ስትረጭም ሦስቴ ነው። የዓለሚቱን ፊት አየችና ትእዛዟን ጻፈች። ደገመችው። ሠለሰችው። መጻፊያውን ብትጠራው አልከፈት አለ። የማታውቀው የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ብልጭ ብሎ ቆመ።

ኃላፊው አቶ ሙሉሐብት ከበሩ ብቅ አሉ። «በእጅሽ ጻፊውና ልፈርም።»

«ባለፈው ሐሙሲቶች በእጅ የተጻፈ ነው ብለው መልሰውብናል፣ ጌታዬ። ስልክዎን ያውሱኝ።»

ስክሪኑ ላይ የቆመውን መስመር ፊደል በፊደል በወረቀት ገልብጣ ለእሸቴ በስልክ አነበበችለት።

«ቦታ አነሰኝ ነው የሚለው» አለ እሸቴ። «ስንት ጊዜ ጫኑት?»

ትርንጎ ቀስ ብላ «ሦስት» አለች።

«ለምን ሦስት?»

«በሥላሴ ስም ነዋ።»

ከወዲያ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። «እትዬ፣ ሦስት ኩንታል በአንድ አህያ ጭነው ተነሺ ይሏታል? ያጥፉት፤ ሲጠፋ ሁሉም ይራገፋል። ሲያስነሡት አንዴ ብቻ። አደራ፣ ለማርያምም ብለው አይድገሙ።»

አጠፋችው። ቆይታ አበራችው። ትእዛዟን አንዴ ጻፈች። እጇ እንደገና ወደ ቁልፎቹ ሄደ፤ ሰብስባ ጉያዋ ከተተችው። ያንድ ጊዜዋ በቂ መሆኗን ለማመን ከበዳት። መጻፊያውን ጠራችው፤ ተከፈተ። የመጀመሪያዋን «ለ» ስትነካ «ለ» ሆና ወጣች።

ማተሚያው እየተንጫጫ ገጹን ሲተፋ አቶ ሙሉሐብት እስክሪብቷቸውን ከፍተው ቆመው ነበር። ፈረሙ፤ ትርንጎ ማኅተሙን መታች። ዓለሚቱ ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ትከሻዋን ልትስማት ጎንበስ አለች።

«ኋላ ትስሚኛለሽ፤ ሩጪ» አለቻት ትርንጎ።

በመስኮቱ ቆማ አየቻት። ዓለሚቱ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ በጭቃው ቁልቁል ወደ መናኸሪያው ትሮጣለች። ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ ረዳቱ ግን አይቷት ጣራውን መታ መታ አደረገ፤ ሾፌሩ ቆመላት።