ሳልመርጠው የቀረሁት ምርቃት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ሌላ ሌላውን ዘርግፌ ይህችን ብቻ ዋጥ አድርጌ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ከዚያ እንጀምር።

አሰላ የመጣሁት በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ነው። የተከራየሁት እማማ ከድጃ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ባለቤታቸው ሐጂ ቃሲም እኔ ከመምጣቴ በፊት ስለሞቱ አላየኋቸውም። ድምፃቸው የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የልጃቸው የዘሃራ የሠርግ ዲቪዲ ላይ ሙሽሮቹን ሲመርቁ። እኔ ግን ያኔ ይህን አላውቅም። የቤቱ ማጫወቻ ሲበላሽ እማማ ከድጃ ዲስኩን በሻሽ ጠቅልለው አመጡልኝ። በግቢው ኮምፒዩተር ያለኝ እኔ ነበርኩ።

"ለአረፋ ልጆቹ ሲሰበሰቡ እንድናየው ፍላሽ ላይ አድርግልኝ ልጄ። አንተ መቼም ታውቅበታለህ" አሉኝ።

አዎ፣ አውቅበታለሁ አልኩ። ምን አውቅ ነበር?

ከቢሮ ሁለት ሶፍትዌር አውርጄ መጣሁ። አንዱ መልኩ የማያምር፣ ዲስኩን እንዳለ የሚገለብጥ፣ ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነው። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሌላው ያሸበረቀና ፈጣን ነው፤ በነፃ ሲሠራ ግን ከዲስኩ የሚወስደው ግማሹን ብቻ ስለሆነ የትኛው ክፍል ይቀዳ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ያሸበረቀውን መረጥኩ። ታዲያ ምኑ ይቅር? አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው በኦሮምኛ ረጅም ነገር የሚናገሩበት ክፍል አለ። ቋንቋው አይገባኝም። ጭፈራውን ወሰድኩ፣ ሽማግሌውን ተውኩ። ማን እንደሆኑ እንኳ ወጥቼ አልጠየቅሁም። ያልገባኝን ነገር የማይጠቅም ነገር አደረግሁት።

አረፋ ደረሰ። ዘሃራ ከነባሏ ከሁሩታ፣ ወንድሞቿ ከሳጉሬ መጥተው ሳሎኑ ሞላ። እኔም ተጠራሁ። ጭፈራው ታየ፤ ከዚያ ድንገት የሙሽሮቹ መኪና ሲሄድ ታየ።

"የአባታችሁ ምርቃትስ?" አሉ እማማ ከድጃ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌው ማን እንደነበሩ የገባኝ ያኔ ነው። "ዲስኩ ተቧጭሮ ነው እማማ፤ እዚያ ጋ አያነብም" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

እሳቸው አልተቆጡም። መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና የባላቸውን ምርቃት ራሳቸው ይሉት ጀመር። ሆራ ቡላ አሉ፤ ርቡ፣ ኑሩ ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ሐጂ ትንፋሽ ይወስዱበት የነበረ ቦታ ላይ ይሁን አላውቅም፣ እየቆሙ፣ እየሳቡ፣ በዝግታ። ልጆቹ በየመሐሉ አሚን ይላሉ። ዘሃራ እንባዋን አትጠርገውም። አንድም ነገር ሳይገባኝ ሰውነቴን ወረረኝ። ሰው ሰውን እንዲህ አድርጎ በውስጡ ይይዛል? የሞተ ሰው ቤቱ ሲገባ ያየሁ ያህል ተደምሜ፣ እኔም አሚን አልኩ።

ሲያበቁ የዘሃራ ባል ዲስኩን ሁሩታ ቪዲዮ ቤት ወስዶ ሊሞክረው ጠየቀኝ። ላምጣው ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት፤ ንጹህ ነበር። ተሳስቻለሁ ብል ምን ነበረበት? ያን የማያምረውን ሶፍትዌር ከፍቼ ግማሽ ቀን መጠበቅ ብቻ ነበር። እኔ ግን የክፍሌን በር ቁልፍ አውጥቼ ዲስኩን ፋቅሁት። እኔ ነኝ የፋቅሁት። ውሸቴ እውነት እንዲሆን የሞተ ሰው ድምፅ ላይ በቁልፍ ሄድኩበት። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው እያልኩ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። መልሱ ያው እኔ ነኝ።

ዲስኩ ሁሩታም ተሞክሮ አልሠራም። እማማ ከድጃ የእርዳቸውን ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቁ በሳህን ጭኮ ይዘውልኝ መጡ፤ ገብሱ በቅቤ ርሷል። "ለደከምክበት ነው፤ አላህ ይስጥህ" አሉኝ። በላሁት። እየጣመኝ በላሁት።

ከዚያ ወዲህ በየአረፋው እሳቸው ምርቃቱን ይላሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። እያደር ኦሮምኛውም ገባኝ። ባለፈው አረፋ ግን መሐል ላይ ቆሙ። ቀጣዩ ነገር ጠፋቸው። ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ፤ ማንም አያውቀውም፤ እነሱ የለመዱት አሚን ማለት ነው። እኔ አውቀው ነበር። "በራችሁ ለእንግዳ አይዘጋ" የሚለው ነው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ አልኩላቸውና ቤቱ በሙሉ አሚን አለ።

እማማ ከድጃ ወደ ዘሃራ ዞረው "አየሽ፣ የአባትሽን ቃል ይዞልን የኖረው ይሄ ልጅ ነው" አሏት። ከዚያ እጄን ይዘው መረቁኝ። ጎንበስ ብዬ ተመረቅሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሳቸውም ቢሰሙ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ቃሉን እኔም እይዘው ይሆናል፤ ድምፁን ግን አጥፍቼዋለሁ። ያ ቁልፍ አልጠፋም። ከሥራ ስመለስ በሳቸው ግቢ ያለውን የክፍሌን በር የምከፍተው ዛሬም በእሱ ነው።