ከሊፍቱ የተነቀለው ሲም

የሊፍት ጠጋኟ ቁጡ ናት። ሕንፃው ውስጥ የሚሠሩት "ወይዘሮ ሊፍት" ይሏታል፤ ዞር ስትል ነው እንጂ ፊት ለፊቷ የሚደፍር የለም። ዘንድሮ ግን ቁጣዋ አግባብ ነበረው። ሊፍቱ ውስጥ ያለውን ቀይ የአደጋ ቁልፍ ሲጫኑት እሷ ስልክ ላይ ይደውላል፤ የሚደውለውም ከጀርባው በተሰካ ሲም ካርድ ነው። ያንን ካርድ ነው እንግዲህ፣ ኢንተርኔት አለው ተብሎ፣ ዓይን አውጣ ሁሉ እየነቀለ ስልኩ ውስጥ የሚከተው!

ሥራ አስኪያጁን ያልለመነችበት ጊዜ የለም። "ሲሙ ከውስጥ ቺፑ ጋር አብሮ የተሠራ የአደጋ መደወያ አለ። የሚነቀል ነገር የለውም፤ የሚስጥር ኮዱም እዚያው ስለታሸገ ሌላ ስልክ ላይ አይሠራም" ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

"ይልቅ የምታምኚውን ጠባቂ አምጪልኝ" አላት።

የማይነቀል ነገር እያለ የሚነቀለውን ማስጠበቅ ምን የሚሉት ብልሃት ነው? እሷም ተስፋ ቆርጣ፣ እናታቸው ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚውለውን ታናሽ ወንድሟን ጠባቂ አድርጋ አስቀጠረችው።

ብዙም ሳይቆይ አስም ያለባቸው አሮጊት ልብስ ሰፊ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ በሁለት ፎቅ መሃል ቀሩ። ቀዩን ቁልፍ ቢጫኑ፣ ደግመው ቢጫኑ፣ የጠጋኟ ስልክ ጭጭ። ሰዎች ጩኸት ሰምተው ሲያወጧቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።

ጠጋኟ የቀዩን ቁልፍ ክዳን ከፈተችው። የካርዱ ቦታ ባዶ ነው። ደሟ ፈላ። የጠፋው ካርድ ቁጥር ላይ ደወለች።

"አቤት እትዬ" አለ ወንድሟ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም።

"ካርድ እኮ ነው እትዬ! ፊልም አይቼበት ልመልሰው ነበር። ሊፍቱ ደግሞ መቼ ቆሞ ያውቃል?"

"አፍህን ዝጋ! ሰው ሊሞትበት ነበር እኮ!"

"በእናትሽ እንዳትናገሪብኝ። እማዬ ብትሰማ ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ።"

"ትስማ!" አለችና ክንዱን ጨምድዳ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ልብስ ሰፊዋ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተኝተዋል።

"ወንድሜ ነው" አለቻቸው። "ካርዱን የነቀለው እሱ ነው።"

አሮጊቷ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ። ልጁን ቀና ብለውም አላዩት።

"እኔስ" አሏት፣ "ጥሪውን እየሰማሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ፣ ልጄ፣ አንቺን ስረግም ነበር።"