ወንድሜ ዝናብ የሣለ ዕለት

ፍልሰታ ስለገባ ትናንት አራዳ ገበያ ዓሣ መጥቶ ነበር። ሻጮቹ "የደንቢያ ነው፣ የዛሬ ነው" ይላሉ። እናቴ ግዛ ብላኝ ሄጄ ሳልገዛ ተመለስኩ። ሽታው አስቸገረኝ አልኳት። ሽታው አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ዳኜ የሞተው ዘንድሮ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለሱቆች ታፔላ ይጽፍ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ለራሱ በውሃ ቀለም ይሥላል። ሰው አይሥልም፣ የከተማችንን ቤተ መንግሥትም አይሥልም። የሚሥለው ዝናብ ሊመጣ ሲል ወይም ዘንቦ ሲያባራ ያለውን ሰማይ ነው። እኔ ያ ሥራ አይመስለኝም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በፍልሰታ ዓሣ ልናጠምድ ከቆላ ድባ ወዲያ ወደ መገጭ ወንዝ ወረድን። ሚኒባሱ መንገዱ እስከፈቀደለት አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ስንደርስ በሶ በጥብጠን ጠጣን። ከዚያ ዳኜ መንጠቆውን ለእኔ ሰጥቶ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ብሩሹን የሚነክረው ከዚያው ከድፍርሱ ወንዝ ነው። ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ በኩል ዝናብ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ወደ እኛ ግን አይመጣም። ብዙ ወረቀት ካበላሸ በኋላ አንዱን ወደ ሰማዩ ከፍ አድርጎ ያዘ።

"ይህች ወጣች" አለ። ስለ ሥዕሉ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

የአካባቢው ገበሬዎች የመጡት ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን ዝናብ ጠፍቶ፣ ገና የበቀለው ጤፍ እየጠወለገ ነበር። ከፊት የመጣው አያ ሞላ የሚሉት ሽማግሌ ነው። ወረቀቱን አየ፤ ቀና ብሎ ደመናውን አየ። ከዚያ ጋቢውን አደግድጎ፣ በልጅ ልጁ ዕድሜ ያለውን ዳኜን አንቱ አለው።

"ጌታው፣ ምነው አሰሩብን? ይፍቱልን እንጂ።"

በእኛ አገር በረዶ የሚመልስ፣ ዝናብ የሚይዝ ደብተራ አለ ይባላል። ደመናን ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው ሌላ ምን ሊመስላቸው ይችላል?

"አያ፣ እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ" አለ ዳኜ። "ማሰር ብችል የሰፈሬን ጭቃ አስር ነበር።"

"ይሁን፣ ጸሐፊ ነዎት። ይፍቱት።"

ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ "ዓሣውንም አስሮታል መሰል፣ ይሄ ልጅ ባዶ እጁን ነው" አለ። ሳቁ። የሚያዩት እኔን ነው። ፊቴ ጋለ። አያ ሞላ ግን አልሳቀም።

"ወረቀቷን ከውሃ ቢከቷት ይበቃናል" አለ። ድምፁ የልመና ነበር።

ዳኜ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ብናገርለት ኖሮ እምቢ ይላቸው ነበር፤ አሁን እንዲያ ይመስለኛል።

"ምነው፣ አፈርህብኝ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

አፍሬበት ነበር። ዓይኔን ከመንጠቆዬ ክር ላይ አላነሣሁም።

ወረቀቷን ራሱ ወንዙ ውስጥ ነከራት። ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ።

ዝናቡ አልመጣም። ደመናው ወደ ጎርጎራ ሄደ፤ ሰዎቹም ተበተኑ። ወደ ማታ አያ ሞላ ሁለት ቆረሶ ዓሣ ይዞ ብቻውን ተመለሰ። "አጥፍተናል፣ ልጄ" አለው። አሁን አንቱነቱ ቀርቷል። ዳኜ ዓሣውን ተቀብሎ፣ "እግዜር ዝናቡን ያምጣላችሁ" አለው። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስለ ኳስ አወራኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በአርባው ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዳኜ ከሥዕሎቹ አብልጦ የሚወደው የትኛውን እንደነበር ጠየቀኝ። ስለዚያች ነገርኩት፤ ወንዝ ውስጥ ወደቀች አልኩት። "ዝናቡን በምን ቀለም ነበር የሠራው?" አለኝ።

ግራጫ ነው አልኩ። ግራጫ አልነበረም። ከሥር በኩል ሌላ ነገር ነበረበት። አረንጓዴ ልበል... አላውቅም። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሰው ያየናል ብዬ ስሳቀቅ፣ ሥዕሉን ረጋ ብዬ አላየሁትም።

አሁን ዝናብ ሊመጣ ሲል በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ያ ቀለም ቢመጣ ግን መለየቴን እንጃ።