ሸምሱ ትልቁ ማግኔት ውስጥ የገባ ቀን

ጠዋት 1፡30፣ ተክለ ሃይማኖት

ዛሬ ባለቤቴ ሸምሱ የጭንቅላት ኤምአርአይ ሊነሳ አብረን ከቤት ወጣን። እሱ ምን አለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ ይሠራል፤ እኔ በርበሬ በረንዳ እነግዳለሁ። ሦስት ወር ሆነው፤ ግራ እግሩ ይደነዝዛል፣ አንድ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ መዶሻው ከእጁ ያመልጠዋል። ሐኪሙ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ጠርጥሯል፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቩን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው አሉን። ዕጢም ሊሆን ይችላል ብለዋል። ዕጢ የሚለውን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ላዳው አራት መቶ ብር አለን። በሦስት መቶ ሃምሳ አስማማሁት።

«በሽተኛ ይዘሽም ትከራከሪያለሽ?» አለኝ ሸምሱ።

«አንተ ታመምክ ብዬ ልዘረፍ?»

በሜክሲኮ በኩል ስንሄድ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሸምሱ እግሩን ያሽ ነበር።

3፡00፣ የምርመራው ክፍል በር ላይ

ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ ቅጽ ይዛ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?»

«የለም።»

«ዓይንዎ ውስጥስ ፍንጣሪ ገብቶ ያውቃል?»

«በጭራሽ!»

ወላሂ ደሜ ፈላ። «ምን በጭራሽ! በየሳምንቱ አይደል እንዴ የሚገባበት? ጓደኞቹ ከአሮጌ ስፒከር በነቀሉት ማግኔት ነው ስበው የሚያወጡለት!» አልኳት።

«ወጥቷል እኮ!» አለ ሸምሱ ተቆጥቶ። የብረት ብናኝ ለእሱ እንደ እኔ በርበሬ ነው፤ ማን ቆጥሮት!

ልጅቷ ቅጹን አስቀመጠች። «እትዬ፣ እንኳን ተናገሩ። ይሄ ማሽን ራሱ ትልቅ ማግኔት ነው። የቀረች ብናኝ ካለች አንቀሳቅሶ ዓይናቸውን ሊያጠፋው ይችላል።»

ሸምሱ ፊቱ አመድ መሰለ። መጀመሪያ የዓይኑ ራጅ ይነሳ ተባለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ብረት ከተገኘስ? ኤምአርአዩ ሊቀር ነው፣ ዕጢ ይሁን አይሁን ሳናውቅ ልንመለስ ነው። ያን ያህል ዱዓ አድርጌ አላውቅም። በመጨረሻ «ንጹህ ነው፣ ይግቡ» አሉት።

ቀበቶውንና ቁልፉን አስረክቦኝ ገባ። ሲወጣ፣ «ውስጡ ምን አለሽ ተራ እኮ ነው! ሲቀጠቅጥብኝ ዋለ» ብሎ አሳቀኝ።

9፡30፣ ሐኪሙ ዘንድ

ሐኪሙ ምስሉን ስክሪን ላይ አሳዩን። ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት።

«ዕጢ የለም። የጠረጠርነው በሽታ ነው» አሉ። «እነዚህ የቆዩ ጠባሳዎች ናቸው። ምስሉን ሲነሱ በደም ሥርዎ የተወጋው መድኃኒት ያበራት ይቺኛዋ ግን ትኩስ ናት። በሽታው ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን አዲስ ጠባሳ እንዳይበዛ የሚያግዝ መድኃኒት አለ። እየሠራ መሆኑን በየጊዜው እያነሳን እናያለን።»

«መዶሻስ እይዛለሁ?» አለ ሸምሱ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«ተስፋ አለኝ። ሲደክምዎ ግን ያርፋሉ።»

እዚያው አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ!

11፡30፣ ቤት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ለሐኪም ትንሽ ትልቅ ሳይሉ ሁሉን መናገር ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ በር ላይ ጠብቀውን፣ «ደህና ናችሁ?» አሉ። እኔ እንደ ወትሮው «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ልል አፌን ስከፍት ሸምሱ ቀደመኝ።

«ደህና አይደለሁም እትዬ፤ ግን እታከማለሁ» አላቸው።

አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህ ሰው ደህና አይደለሁም ሲል የሰማሁት ዛሬ ነው። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል?