በታጠነ ቅል ውሃ ይዤ ወደ መካነ ሰላም

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

ጉሙ መንደራችንን እንደዋጠው ወጣሁ። የያዝኩት አንድ ቅል ነው፤ ውስጡ የእጅ ፓምፓችን ውሃ። ልጄ ሐያት ሳምንት ሙሉ ተቅማጥ ይዟት ለትንሽ ነው የተረፈችልኝ። አሁን ድናለች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ጣሳ ባነሳች ቁጥር ልቤ ይወርዳል። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ «ውሃው ኩልል ያለ ነው» ይለኛል። ጀርም በዓይን ይታያል እንዴ? ላስመረምረው ነው የምሄድ።

1 ሰዓት ተኩል

መኪና መንገድ ደረስኩ። ሚኒባሱ ገብስ በገብስ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት በግ። ቅሌን እንደ ጨቅላ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«እናት፣ ወተቱን ቅመሱ አይሉንም?»

«ውሃ ነው፤ ላስመረምረው ነው። ቅመስ፣ ሆድህን ግን እኔን እንዳትጠይቀኝ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ።

3 ሰዓት፣ መካነ ሰላም

ባጃጅ፣ ትኩስ ዳቦ፣ የገበያ ጫጫታ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ሰኢድ ይባላል፤ ፂሙ ሸበቶ የጀመረው ጎልማሳ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

«እናቴ፣ ቅሉን አጥነውታል?»

«በወይራ ነዋ! ሰው ፊት የሚቀርብ ውሃ ባልታጠነ ዕቃ ይመጣል?»

ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ጭሱ ጀርሙን ሊገድልብኝ ይችላል። የታመመውን ውሃ ጤነኛ ነው ብዬ ባሳስትዎስ?»

ቅሉን ከእጁ ነጠቅሁት። ለክብር ብዬ ልጄን ልገድላት ነበር!

«አይዞዎት፤ መጥቼ ራሴ እቀዳለሁ።»

8 ሰዓት

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጣሁ፤ የሰኢድን ጃኬት ጨምድጄ፣ ዱዓዬን እያነበነብኩ።

«ዓይንዎን ይግለጡ እንጂ፣ አገሩ እንዴት ያምራል!»

«አንተ መንገዱን እይ፤ አገሩን እኔ አውቀዋለሁ!»

ፓምፑ ጋ ስንደርስ የኮሚቴው ሰብሳቢም መጣ። የፓምፑን አፍ በእሳት ለበለበና በትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ ቀዳ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሲሚንቶውን አሳየን። ተሰንጥቋል። ከብቶቻችንን እዚያው እያጠጣን፣ ፋንድያው በስንጥቁ ወደ ታች ሲወርድ ኖሯል። «ኩልል ያለ ነው» ሲለኝ የነበረው ሰብሳቢያችን አፍሮ ጫማውን ብቻ ያያል።

ሐሙስና ቀጥሎ የነበሩት ቀናት

ሰኢድ ደወለ፤ ጀርም አለበት። አለቀስኩ፤ ግን የፈራሁትን ማወቄም አንድ ነገር ነው። መንደሩ ሁሉ ውሃ እያፈላ ጠጣ። ስንጥቁ ተደፈነ፣ ጉድጓዱ ክሎሪን ተጨመረበት፣ ፓምፑ ታጠረ፣ ከብቶቹም ወንዝ ወረዱ። ኮሚቴው ፓምፑን በየሳምንቱ ሊያይ ማለ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት

የዳግመኛውን ምርመራ ውጤት ይዤ ከመካነ ሰላም ገባሁ። ንጹሕ ነው! ለሐያት አንድ ጣሳ ቀዳሁላት። አንዴ ጎንጨት አለችና ፊቷን አጨማደደች።

«እማ፣ በረኪና በረኪና ይላል! አልጠጣም!»

«ጠጪ አንቺ ሞልቃቃ! እዚያ ድረስ ለማን የተመላለስኩ መሰለሽ?»

ከታመመች ወዲህ ሳልሳሳ አፌን ሞልቼ ስቆጣት ገና ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።