በድሉ ሰባት ቤት ሊያስቆጥር ባሕር ተሻገረ

የካልጋሪው ፋልከንሪጅ ሰፈር ውስጥ ሠርግ ያሰበ ሐበሻ ሁሉ ወንድሜን በድሉን ይፈራዋል። በሥራ ቀን የካልጋሪን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ በዕረፍቱ የሰው ዘር ይቆጥራል። «የእናትህ አባት ማን ነው? የእሱስ እናት?» እያለ ሙሽሮቹ እንዳይዛመዱ ሰባት ቤት ድረስ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ስድስተኛው ላይ የጋራ አያት ገጠመውና አዳራሽ የተያዘለትን ሠርግ አፈረሰ። ሰዎቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም። እሱ ግን «ሥርዓት ሥርዓት ነው» ብሎ ምሳውን ይበላል።

ታዲያ የገዛ ልጁ ደቦራ የባርቤዶስ ልጅ ወደደች። ኬንሮይ ይባላል፤ እሷ ነርስ በሆነችበት ሆስፒታል ራጅ ያነሳል። በድሉ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ሆነው ቆመው ይለምኑኝ፣ ሰባት ቤትም ይቁጠሩ። ኬንሮይን ያሳደጉት ባርቤዶስ ያሉት አያቱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ካልጋሪ ድረስ የሚመጡበት ጉልበት የላቸውም። «እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ» አለና እኔን እህቱንና ሁለቱን ልጆች አስከትሎ ተነሣ።

ኤርፖርት ላይ ደቦራ ክንዴን ጨብጣ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ውቤ፣ ፕሊዝ፣ አባዬ ያንን የሰባት ቤት ክዌስችን እንዳይጠይቃቸው። የእነሱ ሂስትሪ እኮ… ዩ ኖው። ካሳፈራቸው ያለ እሱ ነው የማገባው። ሲሪየስሊ።»

አባቷን እንደ ነፍሷ ትወደዋለች። እንደማትቀልድ ግን ዓይኗ ነገረኝ።

የኬንሮይ አያት ሚስ ኢኒድ ዱሮ ባሪያ የሚያሠሩ የሸንኮራ አገዳ ጌቶች የኖሩበት፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነ ትልቅ ቤት ውስጥ ጎብኚ ያስጎበኛሉ። የተቀበሉንም እዚያው ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ከፊት እየሄዱ አልጋውን፣ የብር ዕቃውን፣ ከውጭ ያለውን የሥራ ደወል አሳዩን። እኔ አንዱንም በቅጡ አላየሁም፤ ዓይኔ የበድሉ አፍ ላይ ነበር። ፎቅ ላይ ስንደርስ ግድግዳው ሙሉ የጌቶቹ ሥዕል ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ በተርታ ተሰቅሏል። ወንድሜ ፊቱ በራ።

«አየሽ ውብነሽ! ይቆጥራሉ እኮ!»

ቆነጠጥኩት። ምን ዋጋ አለው። አለማወቁ አይደለም፤ የዘር ሐረግ ካየ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል። በዚያ በአውቶቡስ እንግሊዝኛው ወደ ሚስ ኢኒድ ዞሮ፣ በጌቶቹ ሥዕል ሥር ቆሞ፣ «የእርስዎንስ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ፤ በእኛ ዘንድ ያለዚያ ልጅ አይሰጥም» አላቸው።

ኬንሮይ መንጋጋውን ነክሶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ደቦራ አባቷን ሳይሆን እኔን አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ወንድሜን በጥፊ መምታት አምሮኝ አያውቅም።

ሚስ ኢኒድ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። ተከተልን። ከቤቱ ሥር ያለ ጨለም ያለ ወጥ ቤት ገብተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ ቫዮላ» አሉ። «የእሷ እናት ሄስተር። የእሷ እናት ፔሸንስ። የፔሸንስ እናት እዚህ ወለል ላይ ነበር የምትተኛው። ጌቶቹ የሰጧትን ስም አውቀዋለሁ፤ አልጠራውም። እናቷ ያወጣችላትን የሚያውቅ የለም። የእኔ ቆጠራ እዚህ ያልቃል። አሁን አንተ ቁጠር።»

በድሉ ደረቱን ነፋ አድርጎ የአባቶቹን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም አንበለበለው።

«እሱ የወንዶቹ ነው» አሉ። «እኔ እናቶቼን ነው የቆጠርኩልህ።»

«እናቴ አበበች» አለ። «የእሷ እናት ጥሩነሽ። የእሷ እናት ሸዋዬ…»

ቆመ። ለምን እንደቆመ እኔ አውቃለሁ። እናታችን በሹክሹክታ የነገረችን ነገር አለ፤ ካልጋሪ የራሱን ዘር ስንት ጊዜ ሲቆጥር የሸዋዬ እናት ላይ ሲደርስ በአባት በኩል ዘሎ ያልፋታል። አሁን የሚዘልበት ጠፋው። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ ተናድጄበት የነበርኩት እኔ አዘንኩለት።

«የሸዋዬን እናት ከገበያ ገዝተው ነው ያመጧት» አለ በመጨረሻ። «ስሟን የሚያውቅ የለም።»

ደቦራ ይህን ሰምታ አታውቅም። «አባዬ?» አለች።

«ታዲያ ቆጠራው ካልሞላ ሥርዓታችሁ ምን ይላል?» አሉ ሚስ ኢኒድ።

«ልጅ አይሰጥም ይላል።»

በድሉ ወለሉን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ሚስ ኢኒድ ፊት ሄዶ፣ እጆቹን አጣምሮ ቆመ። የሴት ልጅ አባት ተቀምጦ ይለመናል እንጂ ቆሞ ሲለምን አይቼ አላውቅም።

«እማማ» አለ፣ «ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ።»

«ተቀመጥ እንጂ» አሉት።

«እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

ግራ ገብቷቸው ወደ ደቦራ ዞሩ። እሷም እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ ልጅ የሚለምን ሽማግሌ እሺ እስኪባል እንደማይቀመጥ አስረዳቻቸው። ሚስ ኢኒድ እጇን ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧትና ቀና ብለው በድሉን አዩት።

«እንግዲያው ትንሽ ይቁም» አሉ።

ቆመ።